ስንት ተከፈላት? ስንት ተረፋት?



የአማርኛን ቋንቋ ለሚማር ሰው አስቀድመው ከሚያስፈልጉት ቃላት አንዱ «ደመወዝ» የሚለው ነው። ሕዝቡ በአነጋገሩ አሳጥሮ «ደሞዝ» ይለዋል፤ በጽሕፈት ግን ሙሉውን መጻፍ የተገባ ነው። ቃሉ ሁለት ነገሮችን በአንድነት የያዘ መሆኑን አዋቂዎች ይናገራሉ፤ ይኸውም ደምና ወዝ ነው። ደም ለሁሉ የታወቀ ነው። ወዝ ማለት ግን ከሚሠራ ሰው ገላ ላይ ወጥቶ ፊቱን የሚያበራው ላብና ቅባት ነው። እንግዲህ ደመወዝ ማለት አንድ ሰው ደሙንና ወዙን ከሰጠ በኋላ በምላሹ የሚቀበለው ዋጋ ነው ማለት ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ስንሰማ ይህን ሁሉ አናስብም፤ የምናስበው ለስንት ቀን እንደሚበቃን ብቻ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ቃል ይዘን ወደ አንዲት ከተማ ልንሄድ አስበናል። ከመሄዳችን አስቀድሞ ግን አንድ ሌላ ቃል መመልከት ይገባናል።

በዚህ ዘመን በየስብሰባው «ሉላዊነት» የሚባል ቃል ይሰማል። ቃሉ «ሉል» ከሚለው የወጣ ነው። ሉልም ድቡልቡል ነገር ነው፤ ለዕንቁም መጠሪያ ይሆናል። ሉላዊነት ሲባል እንግዲህ ዓለም እንደ አንድ ድቡልቡል ነገር ሆና፣ በአንዱ ወገን የሚደረገው መግዛትና መሸጥ በሌላው ወገን ያለውን ሰው ኑሮ የሚነካበት ሁኔታ ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። በሲዳማ ምድር ከእንሰቱ ጎን ቡና የሚተክለው ገበሬ ይህን ቃል ሳይሰማ ነገሩን ያውቀዋል። በ1993ና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ለብዙ ዓመታት ወዳልታየ ዝቅታ በወረደ ጊዜ፣ ገበሬው አንዳች ጥፋት ሳይኖርበት የድካሙ ዋጋ ጎደለበት። ዋጋውን የሚወስኑት ሰዎች በኒው ዮርክ ገበያ ተቀምጠው ነበር፤ እርሱን አያውቁትም፤ እርሱም አያውቃቸውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣው አዲስ ነገር ይህ ነው። ቀድሞ የዓለም ገበያ ከገበሬው ቤት ቡናውን ይወስድ ነበር፤ ኋላ ግን የሴት ልጁን እጅ ፈልጎ ራሱ ወደ ከተማ መጣ።

የመጣበትም ከተማ ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያኽል ርቃ በሐይቅ ዳር የምትገኝ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ የሆነች ውብ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ታላቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ሥራውን የፈጸመው የቻይና ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ የወጣውም ገንዘብ 250 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያኽል ነው። 52 ሼዶች የተሠሩበት ሲሆን፣ ሲሞላ 60,000 ሠራተኞች እንዲሠሩበት ታስቦ ነበር። ፒ ቪ ኤች የሚባለው፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር በሚባሉ ስሞች ልብስ የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ ቀዳሚ ሆኖ ገባ። ከእርሱም በኋላ የሕንድ፣ የስሪ ላንካ፣ የኢንዶኔዥያና የሌሎችም አገሮች ልብስ ሰፊዎች ተከተሉ።

እነዚህ ሰዎች ያን ያኽል አገር አቋርጠው የመጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ዝቅተኛ ነበር። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪክ ዋጋ ርካሽ ነበር። ሦስተኛ፣ የአሜሪካ መንግሥት ግንቦት 10 ቀን 1992 ዓ.ም. ባጸደቀው፣ አጎዋ እየተባለ በሚጠራው ሕግ መሠረት፣ በኢትዮጵያ የተሰፋ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። ይህ የቀረጥ ነገር ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በዚህ ሕግ ትጠቀም በነበረበት ጊዜ፣ ዕድሉ የሌለው አገር ሰፍቶ ለሚልከው የጥጥ ካናቴራ ከመቶ 16.5፣ ከሰው ሠራሽ ክር ለተሠራው ካናቴራ ደግሞ ከመቶ 32 ቀረጥ ይከፈልበት ነበር።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ልብሱን የሚሰፉት እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እስከ ስምንተኛ ወይም እስከ ዐሥረኛ ክፍል የተማሩ፣ ከእናታቸው ቤት ወጥተው ኪራይ ቤት አይተው የማያውቁ፣ በወር መጨረሻ በራሳቸው ስም ገንዘብ ሲቀበሉ የመጀመሪያቸው የሆኑ ልጆች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል አንዲቱን በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። ስም አንሰጣትም፤ ብዙዎች ናትና። ፓርኩ ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት የመነሻው ደመወዝ በወር 750 ብር ያኽል ነበር። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ከ600 ብር በላይ የሆነው ገቢ ግብር ይከፈልበት ስለ ነበር፣ ከ150ው ብር ላይ ከመቶ 10፣ ማለት 15 ብር ለግብር ይቆረጣል። ለጡረታ ደግሞ ከመቶ 7፣ ማለት 52 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀነሳል። በእጇ የሚገባው እንግዲህ 682 ብር ከ50 ሳንቲም ነው።

ይህች ልጅ ከሦስት ጓደኞቿ ጋራ ሆና አንዲት ክፍል ተከራየች እንበል። የክፍሏ ኪራይ በወር 1,200 ብር ነው ብለን ብናስብ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 300 ብር ይሆናል። የሚተርፋት 382 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህም ለ30 ቀን ሲካፈል ለአንድ ቀን 12 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል። በርግጥ ምሳ የሚያበሉ፣ በአውቶቡስ የሚያመላልሱ፣ ከሥራ ላልቀረም ሠራተኛ ጉርሻ የሚጨምሩ ድርጅቶች ነበሩ። ሆኖም ቁርስና እራት፣ ሳሙናና ልብስ፣ ሕክምናና ለእናት የሚላከው ሁሉ ከዚያች 12 ብር ከ75 ሳንቲም የሚወጣ ነበር። በአማርኛ «ከእጅ ወደ አፍ» የሚባለው ኑሮ ይህ ነው። ገንዘቡ በእጅ ላይ ጥቂት እንኳ ሳያርፍ ወደ አፍ ይሄዳል ማለት ነው።

አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ከላይ የተቈጠረው ወጪ ሁሉ ከኪራይ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰው እራቱን ሊያሳንስ ይችላል፤ ልብሱንም ሊጥፍ ይችላል፤ ኪራዩን ግን ሊያሳንስ አይችልም። ስለዚህ የከተማ ድህነት የሚጀምረው ከወጥ ቤት ሳይሆን ከቤት ኪራይ ነው።

የዚህች ልጅ አከራይ ምናልባት አንዲት ባልቴት ናቸው። በግቢያቸው ጓሮ «ሰርቪስ» የሚባሉ ክፍሎች አሠርተው ያከራያሉ። በአንድ ምሽት ልጅቱ ወደ እርሳቸው ቀርባ፣ «እትዬ፣ እባክዎ ጥቂት ቀን ይታገሡን፤ ደመወዝ ሲወጣ እንከፍላለን» ትላቸዋለች። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ዘይቱም ጤፉም ጨመረ። እኔም የምኖረው ከዚሁ ከኪራዩ ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮም መቶ ብር ጨምሩ» ይሏታል። በዚህ ነገር ባልቴቲቱን እንደ ክፉ ሰው አድርገን ልንወቅሳቸው አንችልም። ፋብሪካው በተከፈተ ጊዜ ክፍል የሚፈልጉ ልጆች በብዙ ሺህ ሲመጡ፣ ክፍሎቹ ግን በዚያው ልክ አልተጨመሩም። ፈላጊ ሲበዛና የሚፈለገው ሲያንስ ዋጋ ይወጣል። በሉሉ ወዲያ ማዶ የተከፈለው ዶላር ወደ ፋብሪካው፣ ከፋብሪካው ወደ ልጅቱ፣ ከልጅቱም ወደ አከራይዋ ይተላለፋል። ልጅቱ ገንዘቡ የሚያልፍባት ድልድይ ትሆናለች እንጂ ገንዘቡ የሚያድርባት ቤት አትሆንም።

አነጋገራችን በአንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል፣ የፋብሪካውንም መልካም ጎን መናገር ይገባናል። ከተሞቻችን ለዓለም ገበያ በራቸውን በመክፈታቸው ጥቅም አላገኙም ማለት ሐሰት ነው። የመንግሥት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በከተማ ከሚኖረው ሕዝብ መካከል ከድህነት መስመር በታች ያለው በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 25.7 ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ 14.8 ዝቅ ብሏል። መንገዱ፣ የሕንፃው ሥራ፣ ንግዱና የመንግሥት ዕርዳታ ሁሉ ለዚህ አስተዋጽኦ አድርገዋል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ግን የሀብት አለመመጣጠንን የሚለካው፣ ጂኒ የሚባለው ቍጥር በገጠር 0.28 ሲሆን በከተማ 0.38 ነበር። ይህ ቍጥር ሁሉም ሰው እኩል ቢሆን ዜሮ ይሆናል፤ አንድ ሰው ሁሉን ቢይዝ ደግሞ አንድ ይሆናል። ስለዚህ በከተማ ድሀው ቢቀንስም፣ ባለጠጋውና ድሀው የሚተያዩበት ርቀት ከገጠሩ የሰፋ ነው። በገጠር ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ዝናብ ይጠግባሉ፣ በአንድ ድርቅም ይራባሉ። በከተማ ግን አንዱ ሲጠግብ ሌላው የሚራብበት ጊዜ አለ።

ለገጠር ልጅም ቢሆን ፋብሪካው ትንሽ ነገር አይደለም። በሰዓት መግባትንና መውጣትን፣ በማሽን መሥራትን፣ በባንክ ሒሳብ መክፈትን ትማርበታለች። ያለ ዕድሜዋ እንዳትዳር «ሥራ አለኝ» ብላ የምትመልስበትም ቃል ይሆናታል። ይህ ሁሉ በብር የማይቈጠር ጥቅም ነው።

ታዲያ ነገሩ መልካም ከሆነ፣ ልጆቹ ለምን ሥራውን እየተዉ ሄዱ? በግንቦት 2011 ዓ.ም. ፖል ባሬትና ዶሮቴ ባውማን-ፓውሊ የተባሉ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳው ፓርክ ባወጡት ጽሑፍ፣ የመነሻው ደመወዝ 26 የአሜሪካ ዶላር መሆኑን ገለጹ። በዚያን ጊዜ የባንግላዴሽ ልብስ ሰፊ 95፣ የኬንያው ደግሞ 207 ዶላር ያገኝ ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዚህ ጋራ ሌላ ነገር አመለከቱ፤ ይኸውም ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ የሠራተኞቻቸውን ቍጥር የሚያኽል ሰው ይለቅባቸው የነበረ መሆኑ ነው። ይህ ለባለ ፋብሪካው ታላቅ ጉዳት ነው። አንዲት ልጅ ማሽኑን ለምዳ እጇ ሲፈጥን ትሄዳለች፤ በምትኳ የመጣችውም እንደገና ከሀ ትጀምራለች። ባለ ፋብሪካውም «ሥራቸው አነስተኛ ነውና ደመወዝ ልጨምር አልችልም» ይላል። ልጅቱም «ደመወዜ አነስተኛ ነውና ልቆይ አልችልም» ትላለች። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ በዚህም እውነት ሁለቱም ይጎዳሉ።

ከዚህ በፊትም ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሊቃውንት በኢትዮጵያ አንድ የሚያስደንቅ ጥናት አድርገው ነበር። በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለመግባት ያመለከቱ አንድ ሺህ ያኽል ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉአቸው። ለአንዳንዶቹ ሥራው ተሰጠ፤ ለአንዳንዶቹ 300 ዶላር ያኽል መነሻ ገንዘብና አጭር ትምህርት ተሰጠ፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ሥራ ካገኙት ውስጥ አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ ሦስት አራተኛ የሚያኽሉት ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ገቢያቸውም ጕልት ከሚቸረችረውና የቀን ሥራ ከሚሠራው ሰው የበለጠ አልነበረም፤ በጤናቸው ላይ ግን ጉዳት ታየባቸው። ገንዘብ የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በዓመቱ በአንድ ሦስተኛ ያኽል አደገ። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ይህ ብልጫ ጠፍቶ ሁሉም ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። ከዚህ የምንማረው፣ ፋብሪካም ሆነ መነሻ ገንዘብ ለብቻው ድሀን ከድህነት የማያወጣ መሆኑን ነው። የተገኘው ነገር እንዲያድር የሚያደርግ ሥርዓት ከጎኑ ያስፈልገዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሉሉ ወደ እኛ በተንከባለለ ጊዜ ስለሆነው ነው። ሲመለስስ ማንን ይጨፈልቃል? ይህንም በሐዋሳ አይተናል።

በሰሜን የአገራችን ክፍል በተነሣው ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ዕድል አወጣት፤ ይህም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ፒ ቪ ኤች የተባለው ኩባንያ ያ ቀን ሳይደርስ፣ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በውሳኔው ላይ ማን እውነት እንዳለው ለመከራከር አይደለም የተነሣነው። ልናመለክት የምንወደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኩባንያው ሸሚዙን በሌላ አገር ማሰፋት ይችላል። የአሜሪካው ገዢ ሸሚዙን ከሌላ መደብር መግዛት ይችላል። ጦርነቱን ያልጀመረች፣ በጦርነቱም ላይ ያልተጠየቀች፣ በሐይቁ ዳር ማሽን ላይ ተቀምጣ ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ግን ሌላ መሄጃ የላትም። ኪራይዋም የአጎዋን ሕግ አያውቅም፤ በወሩ መጀመሪያ ይጠየቃል። «ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የተባለው ተረት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

እንደዚሁም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያኽል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለውጥ ለአገሪቱ ንግድ የሚሰጠውን ጥቅም የኢኮኖሚ ሊቃውንት ያብራሩታል፤ እኛ የምንመለከተው በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁለት ቤቶች ነው። በአንደኛው ቤት ያለችው እናት፣ አሜሪካ ያለ ልጅዋ በየወሩ 100 ዶላር ይልክላታል። ቀድሞ 5,700 ብር ያኽል ትቀበል የነበረችው፣ ከ10,000 ብር በላይ መቀበል ጀመረች። በሁለተኛው ቤት ያለችው ልጅ በወር 2,000 ብር ታገኛለች ብለን እናስብ። ብሩ አልተቀነሰም፤ በዶላር ሲቈጠር ግን 35 ዶላር ያኽል የነበረው ወደ 20 ዶላር ወረደ። ከውጭ በዶላር የሚገዛው ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ሲወደድም ሁለቱ ቤቶች እኩል ይከፍላሉ። የግቢው በር አንድ ነው፤ የውኃ ቧንቧውም አንድ ነው፤ ኑሮአቸው ግን በአንድ ሌሊት ተራራቀ። አንዷ ስላልሠራች፣ ሌላዋም ስለ ሠራች አይደለም። አንዷ በሉሉ ወዲያ ማዶ ዘመድ ስላላትና ሌላዋ ስለሌላት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በሩ ይዘጋ የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ይህን አንመክርም። በሩ ቢዘጋ አስቀድማ ከሥራ የምትወጣው ያችው ልጅ ናት። ይልቅስ በሩ ክፍት ሆኖ፣ የገባው በረከት በልጅቱ ቤት ጥቂት እንዲያድር ማድረግ ይሻላል። ለዚህም ከሚከተሉት ነገሮች አንዳንዶቹ ይጠቅማሉ ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ፣ አቈጣጠራችንን እናቅና። አንድ ፋብሪካ ሲከፈት በሪፖርት የምንጽፈው የሥራ መደቡን ብዛትና የተገኘውን ዶላር ነው። ከእነዚህ ጋራ አንድ ሦስተኛ ቍጥር ይጻፍ፤ እርሱም ሠራተኛዋ ኪራይዋን ከከፈለች በኋላ የሚተርፋት ነው። ያልተቈጠረ ነገር አይታይም፤ ያልታየም ነገር አይታረምም።

ሁለተኛ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ያስባል። የዝቅተኛው ደመወዝ ልክ በእንዲህ ያለ ቦርድ ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት አብረው ተቀምጠው ሊመክሩበት የተገባ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነጻ መደረጉም ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ጥቂት ዕረፍት የሚሰጥ መልካም እርምጃ ነው።

ሦስተኛ፣ ፋብሪካ ሲታሰብ መኖሪያ አብሮ ይታሰብ። ሼዱ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀበት ከተማ፣ ለሠራተኞቹ የሚሆን ንጹሕ ክፍል፣ ውኃና በሌሊት ፈረቃ የሚወጡበት ብርሃን ያለው መንገድ መሥራት አይሳነውም። ስለ ቤት ኪራይ ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲጸና፣ ጭማሪውም አከራዩ እንደ ወደደ እንዳይሆን ያዛል። ሕግ ግን የሚያነበው ሹም ካልተገኘ በመደርደሪያ ላይ ያለ ወረቀት ነው። ክፍል የሚጨምር አከራይም መታገዝ አለበት፤ ቍጥጥር ብቻውን ክፍል አይሠራምና።

አራተኛ፣ ለቤተ ሰቦች የምንለው አለን። ልጃቸው በከተማ ደመወዝተኛ ሆናለች ሲባል በገጠር ያሉ ወላጆች ብዙ እንዲላክላቸው ይጠብቃሉ። ይህ ከፍቅርና ከችግር የመጣ ቢሆንም፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚላከው እንዲያንስ፣ በምትኩም ልጅቱ የማታ ትምህርቷን እንድትቀጥል ቢፈቅዱላት ኋላ ለሁሉም ይተርፋል። በአንዲት ክፍል ያሉ አራት ልጆችም በመካከላቸው ዕቁብ ቢጥሉ፣ ተራው የደረሳት ልጅ በአንድ ጊዜ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ታገኛለች። አባቶቻችን «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ስለዚህ ነው። ሆኖም ዕቁብ ካለው ላይ የሚጣል እንጂ ከሌለው ላይ የሚጣል አይደለምና፣ የቤተ ሰብ ብልኃት የመንግሥትንና የአሠሪን ግዴታ ሊተካ አይችልም።

ጽሑፋችንን በአንድ የሰዋስው ነገር እንፈጽም። አማርኛ የሚማሩ ባለ ሥልጣኖች ሁለት ጥያቄዎችን ለይተው እንዲያውቁ እንመክራለን። አንደኛው «ስንት ተከፈላት?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ስንት ተረፋት?» የሚለው ነው። «ተከፈለ» እና «ተረፈ» በመጨረሻቸው አንድ ዐይነት ፊደል ስለሚጨምሩ ለጀማሪ ይመሳሰሉበታል። ለእኛም ቋንቋውን ስንማር ይመሳሰሉብን ነበር። በኑሮ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሐዋሳ እስከ ኒው ዮርክ ካለው ርቀት ይበልጣል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በድርጅቱ መዝገብ ላይ ይገኛል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን የሚገኘው በጓሮ ሰርቪስ ውስጥ፣ አራት ልጆች በሚተኙባት ክፍል ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ፋብሪካ ለመጐብኘት የሚሄድ ሹም ቢኖር፣ ሼዱን ካየ በኋላ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ከሠራተኞቹ አንዲቱን፣ «እኅቴ፣ ኪራይሽን ከከፈልሽ በኋላ ስንት ይተርፍሻል?» ብሎ ይጠይቃት። የምትሰጠውን መልስም በማስታወሻው ይጻፈው። ደምና ወዝ የተከፈለበት ነገር ነውና፣ የተረፈውን ማወቅ የተገባ ነው።